አንድ አልበም በአንድ ፋይል፦ ሲዲን ጥራቱ ሳይቀንስ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ

ኮምፒውተር ውስጥ ሲዲ ስታስገቡ ዘፈኖቹ ልክ እንደ ፋይል ተደርድረው ይታያሉ። ሲዲው ላይ ግን ፋይል የሚባል ነገር የለም። ያለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ከፊቱ ደግሞ "አንደኛው እዚህ ይጀምራል፣ ሁለተኛው እዚህ" የሚል አጭር ማውጫ አለ። በቃ፣ ዋናው ነገር እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ድምፅና ማውጫ።

ይህ መመሪያ ሁለቱንም እንዳሉ አንስታችሁ በአንድ ፋይል ውስጥ አብረው እንድታስቀምጡ ነው። "አብረው" የምትለው ቃል ላይ ደጋግሜ እመለሳለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት ወደ መቶ የሚጠጉ ሲዲዎቼን እያንዳንዳቸውን በአንድ ፋይል አስቀምጬ ነበር። ማውጫቸው ግን ከጎን የተቀመጠ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነበር። አዲስ ሃርድ ዲስክ ስገዛ የሙዚቃ ፋይሎቹን ብቻ መርጬ ገለበጥኩና አሮጌውን አጠፋሁት። በማግስቱ አንዱን አልበም ስከፍት ያገኘሁት 62 ደቂቃ የሚረዝም አንድ ነገር ነው። አራተኛው ዘፈን የት እንደሚጀምር የሚነግረኝ አልነበረም። ከድምፁ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም፤ አልበሙ ግን አልበም መሆኑ ቀርቷል።

ለምን አንድ ፋይል?

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ምክንያት ላንሳ። ብዙ ሰው "ዘፈኖቹ ሳይቆራረጡ ተያይዘው እንዲሄዱ" ብሎ ነው አንድ ፋይል የሚመርጠው። ይህ ስጋት የመጣው ከኤምፒ3 ነው። ኤምፒ3 ሲሠራ በፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ይጨመርበታል፤ የቀጥታ ኮንሰርት ሲሰማ በየመሃሉ እንቅ የሚለው ከዚያ ነው። ጥራት የማይቀንሱት፣ ሎስለስ የሚባሉት ፎርማቶች ይህ ችግር የለባቸውም። ከእነሱ አንዱ ፍላክ (FLAC) ነው፤ በትክክል የተቆረጡ የፍላክ ፋይሎች ደህና ማጫወቻ ላይ ያለ ክፍተት ይያያዛሉ።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። በዘፈን በዘፈን ስትቆርጡ ማውጫው ላይ የነበሩ ነገሮች ይጠፋሉ። በዘፈኖች መካከል ያለው ክፍተት ከየት እስከ የት እንደሆነ አይታወቅም። አንዳንድ ሲዲዎች ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት የተደበቀ ሙዚቃ አላቸው፤ ሲዲ ማጫወቻ ላይ ከአንደኛው ትራክ መጀመሪያ ወደ ኋላ ስትመልሱ ብቻ ነው የሚገኘው። በተለመደው አቆራረጥ ይህ ሙዚቃ ጭራሽ ሳይነካ ይቀራል። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ አንዳንድ ሲዲዎች ደግሞ ፕሪኢምፋሲስ የሚባል ምልክት አላቸው። ቀጭኑ ድምፅ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ የተቀረጸ ስለሆነ ማጫወቻው መልሶ ዝቅ ማድረግ አለበት ማለት ነው። ምልክቱ ከጠፋ አልበሙ ለዘለዓለም ጆሮ የሚወጋ ሆኖ ይቀራል፤ ለምን እንደሆነም አታውቁም።

ሙሉውን በአንድ ፋይል ከማውጫው ጋር ካስቀመጣችሁ ይህ ሁሉ ይኖራል። ሲፈለግ ያንኑ ሲዲ መልሶ መጻፍም ይቻላል።

ምን ያህል ቦታ ይፈጃል?

ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና (የድምፁን አንዲት ቅጽበት የሚለካ ቁጥር)፣ እያንዳንዱን በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ይይዛል። ሲሰላ በሴኮንድ 176,400 ባይት ነው። የአንድ ሰዓት አልበም 635 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ፍላክ ይህን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሁለት ሦስተኛ ያወርደዋል። ለስላሳ የፒያኖ ሙዚቃ በደንብ ይታመቃል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጮህ ሮክ ብዙም አይቀንስም። አንድ አልበም በአማካይ 400 ሜጋባይት ቢይዝ እንኳ 1 ቴራባይት ዲስክ 2,500 አልበም ይችላል። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ጥራት አትቀንሱ።

አንደኛ፦ መሣሪያ

በዊንዶውስ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር አውርዱ። ለማክ ኤክስ ኤል ዲ አለ። በሊኑክስ ኤቢሲዲኢ የሚባለው ሙሉ ዲስኩን እንደ አንድ ትራክ ማንበብ ይችላል። ከዚህ በታች የምገልጸው በዊንዶውስ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሁሉም ያው ነው። ከዚህ ሌላ ማውጫውን ፋይሉ ውስጥ ለማስገባት ኪዩቱልስ፣ ለማጫወት ደግሞ ፉባር 2000 ያስፈልጓችኋል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

የሲዲ ድራይቩ ውድ መሆን የለበትም። ሥራው የሚበላሸው በብዛት በድራይቭ ርካሽነት ሳይሆን በቆሸሸ ሲዲ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ያዙና ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን እያዞራችሁ አትጥረጉ፤ በዙሪያው የሚሄድ ጭረት ድምፁ የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ለድራይቩ ለማረም የበለጠ ይከብደዋል።

ሁለተኛ፦ ድራይቩን ማስተካከል

ይህ አንዴ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው፤ አትዝለሉት። እያንዳንዱ የድራይቭ ሞዴል ድምፁን ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ማንበብ ይጀምራል። ልዩነቱ በናሙና ይቆጠራል። አንዱ 6፣ ሌላው 667 ናሙና ሊስት ይችላል። በጆሮ አይታወቅም፤ 667 ናሙና 15 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ግን ካልተስተካከለ የእናንተን ቅጂ ከሌላ ሰው ቅጂ ጋር ማነጻጸር ያስቸግራል፤ ከዲስኩ ጫፍም ትንሽ ይቆረጣል።

ማነጻጸሩ ነው ዋናው ጥቅም። አኪውሬትሪፕ የሚባል የመረጃ ቋት አለ። የተለያዩ ሰዎች ያንኑ ሲዲ በየራሳቸው ድራይቭ ሲያነቡ ያገኙትን የማረጋገጫ ቁጥር ይሰበስባል። የእናንተ ቁጥር ከማታውቋቸው ሰዎች ቁጥር ጋር ከገጠመ ቅጂው ትክክል ነው። የተለያዩ ድራይቮች በተለያዩ ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ ማለት የማይመስል ነገር ነውና።

ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒን ስትከፍቱ አንድ ታዋቂ ሲዲ አስገቡ። ሲዲው ቋቱ ውስጥ ካለ ሶፍትዌሩ የድራይቩን ልዩነት ራሱ አውቆ ይመዘግባል። ከዚያ የአነባበብ ስልቱን "ሴኪዩር" ላይ አድርጉት። በዚህ ስልት አጠራጣሪ ቦታ ሲያጋጥመው መልሱ እስኪስማማ ደጋግሞ ያነባል። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ሦስተኛ፦ ማንበብ

ሲዲውን አስገቡና የአልበሙን፣ የአርቲስቱንና የዘፈኖቹን ስም አስሞሉ። ሶፍትዌሩ ከኢንተርኔት ያመጣዋል፤ ግን ዓይናችሁን አትንፈጉት። የስም ስህተት አሁን ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ማውጫው ፋይሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ጣጣ ነው።

ቀጥሎ በ"አክሽን" ሜኑ ስር ክፍተቶቹን ፈልግ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ይህ በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለይቶ ማውጫው ላይ ያስገባል። አሁን እዚያው ሜኑ ላይ "ኮፒ ኢሜጅ ኤንድ ክሪዬት ኪዩ ሺት" የሚለውን ምረጡ። ሙሉ ዲስኩን እንደ አንድ ፋይል፣ ከማውጫው ጋር አድርግልኝ ማለት ነው።

ሲጨርስ ሦስት ነገሮች ማግኘት አለባችሁ፤ የድምፁ ፋይል፣ ኪዩ ሺት የሚባለው ማውጫ እና ሎግ የሚባለው የሥራ መዝገብ። ሎጉ ካልተቀመጠ ሴቲንጉን አስተካክሉና መልሳችሁ ሥሩ። ለምን እንደምጨነቅበት መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ሁለት ሲዲ ያለው አልበም ከሆነ በሲዲ አንድ ፋይል አድርጉ። ሁለቱን አታጣብቁ። ማረጋገጫውም ማውጫውም የሚሠሩት በዲስክ ነው።

አራተኛ፦ ማውጫውን ማንበብ

ኪዩ ሺቱን በማንኛውም የጽሑፍ ሶፍትዌር ክፈቱት። ተራ ጽሑፍ ነው። ከላይ ካሉት መስመሮች FILE ብሎ የሚጀምረው የድምፁን ፋይል ስም ይዟል። ከዚያ እያንዳንዱ ትራክ ከነስሙና ከነሰዓቱ ይከተላል።

ሰዓቱ 07:42:51 ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ሰዓት፣ ደቂቃና ሴኮንድ አይደለም። ደቂቃ፣ ሴኮንድና ፍሬም ነው። ሲዲ አንዱን ሴኮንድ በ75 ፍሬም ይከፍለዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ቁጥር ከ74 አይበልጥም። 75 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ ያ ማውጫ አንድ ቦታ ተበላሽቷል።

ኢንዴክስ 00 የሚለው ክፍተቱ የሚጀምርበት ነው፤ ኢንዴክስ 01 ዘፈኑ ራሱ የሚጀምርበት። የመጀመሪያው ትራክ ኢንዴክስ 01 ከዜሮ በጣም ርቆ፣ በደቂቃዎች ዘግይቶ ከታየ ደስ ይበላችሁ፤ ያ ቀደም ያልኩት የተደበቀ ሙዚቃ ነው።

እዚህ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ የፋይል ስም ነው። FILE በሚለው መስመር ላይ ያለው ስም ከድምፁ ፋይል ስም ጋር በፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የድምፁን ፋይል ስም ከቀየራችሁ፣ ወይም ማውጫው ላይ ያለው የፋይል ስም በ.wav እያለቀ ፋይሉ ፍላክ (.flac) ከሆነ፣ ማጫወቻው አላገኘሁም ይላል። መስመሩን በእጅ ማረም ብቻ ነው። ሌላው የፊደል አቀማመጥ ነው። የዘፈኖቹ ስም ላቲን ባልሆነ ፊደል ከተጻፈ ማውጫው ሁሉንም ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 (UTF-8) መቀመጥ አለበት። አለዚያ ስሞቹ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይቀራሉ፤ አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ አይመለስም።

አምስተኛ፦ ማውጫውን ፋይሉ ውስጥ ማስገባት

የመመሪያው ልብ ይሄ ነው።

መያዣው ፍላክ እንዲሆን እመክራለሁ። ፍላክ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚዘጋው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻም የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ወጥቷል። ለረጅም ጊዜ ለምታስቀምጡት ነገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ሎስለስ ፎርማት ዌቭፓክም ጥሩ ነው፤ ማውጫም ይይዛል። ግን የሚያጫውተው መሣሪያ ያነሰ ነው።

ፍላክ ማውጫ የሚቀመጥበት የራሱ ክፍል አለው። ችግሩ ሰዓቶቹን ይይዛል እንጂ የዘፈኖቹን ስም አይይዝም። ብዙ ማጫወቻም አያየውም። ስለዚህ የሚሠራው መንገድ የኪዩ ሺቱን ሙሉ ጽሑፍ እንደ አንድ ታግ (ከድምፁ ጋር ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ የጽሑፍ መረጃ) ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ነው። የታጉ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል CUESHEET ነው፤ ሁለቱ ቃላት ተገጥመው። በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ኪዩቱልስን ክፈቱና የኪዩ ሺት ፋይላችሁን እንደ ግብዓት ስጡት። ውጤቱ ሎስለስ ፍላክ እንዲሆን፣ ማውጫውም ውስጡ እንዲካተት ምረጡና አስጀምሩት።

የመጭመቂያው ደረጃ ከ0 እስከ 8 ነው። 8 ላይ አድርጉት። ከ5 ጋር ያለው የመጠን ልዩነት ትንሽ ነው፤ ድምፁ በሁሉም ደረጃ ያው ነው። ከፍተኛው ደረጃ የሚፈልገው ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አንዴ ነው የምትከፍሉት።

አሁን ፋይሉን ብቻውን ወደ ሌላ ባዶ ፎልደር ገልብጡና በፉባር 2000 ክፈቱት። ዘፈኖቹ በየስማቸው ተዘርዝረው ከታዩ ተሳክቷል። አንድ ረጅም ዘፈን ብቻ ከታየ ማውጫው አልገባም። ባዶ ፎልደር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎኑ የጽሑፍ ማውጫው ካለ ማጫወቻው እሱን አንብቦ ሊያታልላችሁ ይችላል። እኔም መጀመሪያ ላይ የተታለልኩት በዚህ ነው።

የጎን ማውጫውን ግን አትጣሉት፤ ከሎጉ ጋር እዚያው ይቀመጥ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከዚህ በኋላ የዘፈን ስም ብታርሙ የውስጡን አርሙ። የጎኑን ብቻ ካረማችሁ ሁለት የማይስማሙ ማውጫዎች ይኖሯችኋል፤ ከዓመት በኋላ የትኛው ትክክል እንደሆነ አታስታውሱም።

ሽፋኑንና መጽሐፉን ጭምር ለሚፈልግ

ከሲዲው ጋር የሚመጣውን ትንሽ መጽሐፍ ስካን አድርጋችሁ አብራችሁ ማኖር ከፈለጋችሁ ማትሮስካ የሚባለውን የፋይል መያዣ ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በቪዲዮ ነው፤ ለድምፅ ብቻም ይሆናል። ስሙ የመጣው አንዷ በሌላዋ ውስጥ ከሚገቡት የሩሲያ አሻንጉሊቶች ነው፤ ሥራውም እንደዚያው ነው። የፍላክ ድምፁን ሳይነካ ይይዛል። ማውጫውን ወደ ምዕራፍ ይለውጣል። ሽፋኑን፣ መጽሐፉን፣ ሎጉንና ኪዩ ሺቱን ደግሞ እንደ አባሪ ያስገባል።

የሚሠራው ኤምኬቪ ቱልኒክስ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው። ፍላኩን ግብዓት አድርጉት፤ የምዕራፍ ፋይል በሚጠይቅበት ቦታ ኪዩ ሺቱን በቀጥታ ስጡት፤ ራሱ ይተረጉመዋል። ምስሎቹን አባሪ በሚለው ክፍል ጨምሩ። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ምዕራፎቹን እየመረጣችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ። ጉድለቱ የሙዚቃ ማጫወቻዎች እንደ ፍላክ አይወዱትም። እኔ የምጠቀምበት መጽሐፋቸው ለሚያምር ጥቂት አልበሞች ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ መፈተሽ

ኪዩቱልስ ላይ ማረጋገጫውን ምረጡና ፋይሉን ስጡት። ከአኪውሬትሪፕና ከራሱ ቋት ጋር ያስተያየዋል። የራሱ ቋት የጠፋን ነገር መመለሻ ተጨማሪ መረጃ ስለሚይዝ፣ ሲዲው እዚያ ካለና ስህተቱ ጥቂት ከሆነ ፋይሉን ጠግኖ ይሰጣችኋል። በጭረት ምክንያት ተስፋ የቆረጣችሁበት ሲዲ ካለ ሳትሞክሩ አትጣሉት።

ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ። "ሁሉም በአንድ ፋይል ከሆነ፣ ፋይሉ ሲበላሽ አልበሙ በሙሉ አይጠፋም ወይ?" ፍላክ ድምፁን የሚያስቀምጠው በትናንሽ ቁራጭ ነው። በተለመደው አሠራር አንዱ ቁራጭ 4,096 ናሙና ይይዛል፤ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ የራሱ ማረጋገጫ ቁጥር አለው። አንድ ቦታ ሲበላሽ የሚጎዳው ያ ቁራጭ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማጫወቻው መንገዱን መልሶ ያገኛል። ከዚህ በላይ ፋይሉ ራስጌ ላይ የሙሉ ድምፁ አሻራ ተመዝግቧል። ፉባር 2000 የፋይል መመርመሪያ ተጨማሪ አለው፤ በዓመት አንዴ ሙሉ ስብስባችሁን አስፈትሹት። የተበላሸውን በስም ይነግራችኋል።

ሲነግራችሁ ግን የምትመልሱበት ሁለተኛ ቅጂ መኖር አለበት። በሌላ ዲስክ ላይ፤ ቢቻል በሌላ ቤት። ስትገለብጡም ፎልደሩን እንዳለ ገልብጡ። በፋይል ዓይነት አትምረጡ።

ለስልክና ለመኪና

ብዙ የስልክና የመኪና ማጫወቻ፣ ቤት ውስጥ የሚተከሉ የሚዲያ ሰርቨሮችም ጭምር፣ የውስጥ ማውጫ አያነቡም። አልበሙን እንደ አንድ ረጅም ዘፈን ነው የሚያዩት። ለእነሱ ብላችሁ ዋናውን ፋይል አትቁረጡ። በፉባር 2000 ዘፈኖቹን ምረጡና "ኮንቨርት" በሉት፤ ለየብቻ ኤምፒ3 ወይም ፍላክ ያወጣላችኋል። ያ ቅጂ ቢጠፋ ምንም አይደለም፤ ከዋናው በደቂቃዎች ይሠራል።

ማውጫው ከጠፋ

አሁን ወደ ሎጉ። ያኔ ማውጫቸው ከጠፋብኝ አልበሞች አብዛኞቹን ሲዲውን እንደገና አስገብቼ መልሻለሁ። ሲዲያቸው በእጄ ያልነበረ ጥቂቶች ግን ነበሩ። ያዳናቸው ሌላ ፎልደር ውስጥ በአጋጣሚ የቀረ ሎግ ነው።

ሎጉን ስትከፍቱ መጀመሪያው አካባቢ ሰንጠረዥ አለ። እያንዳንዱ ትራክ በስንተኛው ሴክተር ላይ እንደሚጀምር ይናገራል። እዚህ ሴክተርና ፍሬም አንድ ናቸው፤ በሴኮንድ 75። ስለዚህ ቁጥሩን ለ75 አካፍሉ። አምስተኛው ትራክ 92,340 ላይ ይጀምራል እንበል። ለ75 ሲካፈል 1,231 ይደርሳል፤ 15 ይተርፋል። 1,231 ሴኮንድ 20 ደቂቃ ከ31 ሴኮንድ ነው። የተረፈው 15 ፍሬሙ ነው። በኪዩ ሺቱ ላይ ለትራክ 05፣ ኢንዴክስ 01 ብላችሁ 20:31:15 ጻፉ። የሌሎቹንም እንዲሁ አውጡ፤ ከዚያ ወደ አምስተኛው ደረጃ ተመለሱና ማውጫውን ፋይሉ ውስጥ አስገቡት።